ሽጉጥ ታጥቆ ከስቴት ወደ ስቴት፦ ፈቃዳችሁ እስከ የት ይሠራል?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና በቤልትዌይ ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረው የዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ለብዙዎቻችን የዕለት መንገድ ነው። ከቨርጂኒያ ይነሳል፣ መሐል ላይ የዲሲን ጫፍ ነካ አድርጎ ያልፋል፣ ሜሪላንድ ላይ ያርፋል። መንገዱ ካልተጨናነቀ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በቨርጂኒያ ፈቃድ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ግን በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሕግ አክባሪ ሆኖ ገብቶ በወንጀል ተጠያቂ ሆኖ ይወጣል። ሌላ ያጠፋው ነገር የለም፤ መኪናውን መንዳቱ ብቻ ነው። ዲሲም ሜሪላንድም የቨርጂኒያን የመታጠቅ ፈቃድ አይቀበሉም።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ቡና ላይ የሰማሁት ጨዋታ ነው። ረጅም መንገድ ትራክ የሚነዱ አንድ ታላቃችን፣ «አሁንማ ፈቃድ የሚባለው ነገር ቀርቷል፤ ሃያ ዘጠኝ ስቴት ያለ ወረቀት ነው» አሉ። «ጋሼ፣ ኒው ጀርሲ ሲደርሱስ ምን ያደርጉታል?» አልኳቸው። «ምን አደርገዋለሁ? የቨርጂኒያ ፈቃድ አለኝ እኮ» አሉኝ። የተናገሩት ነገር ውሸት የለበትም። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ፈቃዱም በኪሳቸው ነበር። ሆኖም ያንን ተማምኖ ወደ ሰሜን የነዳ ሰው እስር ቤት ሊያድር ይችላል።

ዜግነት ላልወሰደ ሰው ደግሞ ነገሩ በእስር አያበቃም። በፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት፣ ሽጉጥ ከሕግ ውጭ በመያዝ ወይም በመታጠቅ የተፈረደበት የውጭ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም ከአገር ሊባረር ይችላል። ሃያ ዓመት ግብር የከፈለ፣ ልጆቹን እዚህ ወልዶ ያሳደገ ሰው ድልድይ በመሻገር ብቻ እዚያ መድረስ የለበትም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ተከተሉት። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ራሳችሁን መርምሩ

ስለ ስቴቶች ከማሰባችሁ በፊት የፌዴራሉ ሕግ መሣሪያ እንድትይዙ ይፈቅድላችሁ እንደሆነ አረጋግጡ። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጠባብ ሁኔታዎች በቀር ሽጉጥም ጥይትም መያዝ አይችልም። ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ሰውም እንዲሁ። ግሪን ካርድ ያለው፣ ዲቪ ደርሶት የገባውን ጨምሮ፣ አይከለከልም። ጥገኝነት የተፈቀደለትና በስደተኝነት ተመዝግቦ የገባም በፌዴራል ሕግ አይከለከልም። ኬዙ ገና ያላለቀለት ወይም ቲፒኤስ በሚባለው ጊዜያዊ ከለላ ላይ ያለ ሰው ግን መልሱ እንደየሁኔታው ስለሚለያይ፣ የመሣሪያ መደብር ደጃፍ ከመርገጡ በፊት ጠበቃ ይጠይቅ።

ከመደብር ሲገዛ የሚሞላው ፎርም 4473 ይባላል። እዚያ ላይ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ የሚል ነው። ጫት ለሚቅም ሰው ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ ነው የተቀመጠው። ማሪዋናም ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ለአዋቂ ቢፈቅዱትም፣ የስቴት ፈቃድ የፌዴራሉን ክልከላ እንደማይሽረው ፎርሙ ራሱ ያስጠነቅቃል። እየቃሙ «አልጠቀምም» ብሎ መፈረም እስከ አሥር ዓመት የሚያስቀጣ የሐሰት ቃል ነው።

በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው፣ ፍርዱ ቀላል ወንጀል ቢሆንም፣ ከ1996 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ሚስት ወይም ባል በፍርድ ቤት ያወጡበት የጥበቃ ትእዛዝ ያለበትም አይችልም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2024 ይህን ክልከላ አጽንቶታል። አንድ ነገር ልጨምር፤ በመካከላችን መተጋገዝ ልማድ ስለሆነ ነው። ወረቀት ለሌለው ዘመድ «በኔ ስም ልግዛልህ» ማለት በ2022 በወጣው ሕግ እስከ 15 ዓመት ያስፈርዳል።

2. «ያለ ፈቃድ» የሚለውን ቃል በልኩ ተረዱት

ቨርሞንት ጥንትም ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም። አላስካ በ2003፣ አሪዞና በ2010 ተከተሏት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ፤ ቴክሳስ በሴፕቴምበር 2021፣ ጆርጂያና ኦሃዮ በ2022፣ ፍሎሪዳ በጁላይ 2023፣ ሳውዝ ካሮላይና በማርች 2024። ሉዊዚያና በጁላይ 2024 ስትጨመር ቁጥሩ 29 ሞላ።

በእነዚህ ስቴቶች ሽጉጥ እንዳይዝ ያልተከለከለ አዋቂ ሰው ሸሽጎ ለመታጠቅ ወረቀት አያስፈልገውም። የተነሳው ወረቀቱ ብቻ ነው። ከመደብር ሲገዛ የሚደረገው የጀርባ ምርመራ እንዳለ ነው። የዕድሜ ገደቡ ይለያያል፤ ሳውዝ ካሮላይና 18 ዓመት ስትል ፍሎሪዳ 21 ትላለች። የተከለከሉ ቦታዎችም አሉ። ቴክሳስ ውስጥ ከሽያጩ ከግማሽ በላይ በዚያው ከሚጠጣ አልኮል የሚያገኝ ቤት በር ላይ «51%» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይለጥፋል፤ እሱን ካያችሁ ሽጉጥ ይዛችሁ አትግቡ። 30.05 የሚለው ማስታወቂያ ያለ ፈቃድ የታጠቀውን፣ 30.06 የሚለው ደግሞ ፈቃድ ያለውን ይከለክላል። ጋርላንድና ዳላስ ሬስቶራንት ያላችሁ ወገኖች፣ እነዚህን ቁጥሮች በር ላይ ስትለጥፉ ትርጉማቸውን ለሠራተኞቻችሁም አስረዷቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዙ፤ ያለ ፈቃድ መታጠቅ የስቴቱ ሕግ እንጂ ተሸክማችሁት የምትሄዱት መብት አይደለም። ቴክሳስ ለነዋሪዋ የፈቀደችውን ካሊፎርኒያ ምንም አትቆጥረውም። ወረቀት የሌለው ሰው ድንበር ላይ የሚያሳየው ነገር የለውም።

ፈቃዱ ወረቀት በማይጠይቁ ስቴቶች እንኳ የሚጠቅምበት ሌላ ምክንያት አለ። የፌዴራሉ ሕግ ከትምህርት ቤት 1,000 ጫማ ውስጥ፣ ማለትም ወደ 305 ሜትር ገደማ፣ ሽጉጥ መያዝን ይከለክላል። ነፃ የሚያደርገው ትምህርት ቤቱ ያለበት ስቴት ፈቃድ የሰጠውን ሰው፣ ወይም ሽጉጡን ባዶ አድርጎ በተቆለፈ ሳጥን የያዘውን ነው። ከተማ ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት አልፋችሁ ሥራ እንደምትደርሱ አስቡት። ስለዚህ የምትኖሩበት ስቴት ባይጠይቃችሁም ፈቃዱን አውጡ እላለሁ።

3. የመኖሪያ ስቴታችሁን ፈቃድ አውጡ

የማውቀውን የቨርጂኒያን ላስረዳ። ማመልከቻው ኤስፒ-248 የሚባል ቅጽ ሲሆን፣ የሚገባው ለምትኖሩበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪዩት ኮርት ጸሐፊ ነው። አመልካቹ 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የሥልጠና ማስረጃ ይያያዛል፤ ከጃንዋሪ 2021 ወዲህ በኢንተርኔት ብቻ የተወሰደ ኮርስ አይቀበሉም፣ በአካል መገኘት ግዴታ ነው። ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ፈቃዱ ለአምስት ዓመት ይሠራል። ቅጹን ስትሞሉ ስማችሁን ልክ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ። የኛ የአባትና የአያት ስም ግሪን ካርዱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፎ ሲገኝ ምርመራው ይጓተታል።

ሜሪላንድ ፈቃዱን የምትሰጠው በስቴት ፖሊስ በኩል ነው፤ ሥልጠናው ለመጀመሪያ ጊዜ አመልካች 16 ሰዓት ነው። ዲሲ ደግሞ በሜትሮፖሊታን ፖሊስ በኩል ስትሰጥ 16 ሰዓት ትምህርትና 2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ትጠይቃለች። ሁለቱም ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው ማመልከቻ ይቀበላሉ። ድሮ «ለምን ያስፈልግሃል?» ብለው በቂ ምክንያት ይጠይቁ ነበር። ዲሲ በ2017 በፍርድ ቤት ተሸንፋ ተወችው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 23 ቀን 2022 የኒው ዮርክን ተመሳሳይ ሕግ ሲሽር ሜሪላንድም ተከተለች። ቨርጂኒያ እየኖራችሁ ሥራችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዲሲ ከሆነ ሽጉጡን ይዛችሁ ለመመላለስ ያለው ሕጋዊ መንገድ ይኸው ነው፤ ሦስቱንም ማውጣት። ገንዘብና ጊዜ ይበላል፣ አቋራጭ ግን የለውም።

4. ማን የማንን ፈቃድ እንደሚቀበል አጣሩ

አንዱ ስቴት የሌላውን ፈቃድ ሲያከብር ሪሲፕሮሲቲ ይባላል። እንደ መንጃ ፈቃድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም። መንጃ ፈቃድ በመላው አሜሪካ ይሠራል፣ የመታጠቅ ፈቃድ ግን እያንዳንዱ ስቴት እንደወደደ ነው። ኖርዝ ካሮላይናን የመሰሉት የማንኛውንም ስቴት ፈቃድ ይቀበላሉ። ፔንሲልቬንያን የመሰሉት ስምምነት ያላቸውን እየለዩ ነው። ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኦሬገንና ዲሲ የማንንም አይቀበሉም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ዩታና ፍሎሪዳ ለነዋሪ ላልሆነም ፈቃድ ይሰጣሉ፤ «ሰላሳ ስቴት ይሠራል» እየተባለ ይሸጣል። ሚሺገንና ኮሎራዶ ግን የሚቀበሉት ሰጪው ስቴት ውስጥ የሚኖር ሰው የያዘውን ብቻ ነው። የቨርጂኒያ ነዋሪ በዩታ ፈቃድ ዴንቨር ቢታጠቅ ፈቃድ እንደሌለው ይቆጠራል።

ሌላው ችግር ዝርዝሩ መለዋወጡ ነው። በዲሴምበር 2015 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የ25 ስቴቶችን ፈቃድ መቀበል እንደሚያቆም አስታወቀ። ከወር ጥቂት አለፍ ሲል ገዥውና ምክር ቤቱ ተስማሙ፣ ሕግ ወጣ፣ በጁላይ 2016 ቨርጂኒያ የሁሉንም ስቴት ፈቃድ መቀበል ጀመረች። በሰባት ወር ውስጥ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ማለት ነው። ስለዚህ አምና ያያችሁት ካርታም ሆነ ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ ማስረጃ አይሆንም። ከመንገዱ በፊት ባለው ቀን የምትሄዱበትን ስቴት ፖሊስ ወይም የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ድረ ገጽ ክፈቱ፤ የምታምኑት የተቀባዩን እንጂ የሰጪውን ስቴት ገጽ አይሁን። ገጹን ከነቀኑ አትሙና ከፈቃዱ ጋር ያዙ። በመላው አገር የሚሠራ ይሆናል የተባለው ሕግ በዲሴምበር 2017 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ ቀርቷል፤ እሱን ተስፋ አድርጎ መንገድ አይጀመርም።

5. መንገዱን ስቴት በስቴት ጻፉት

ወረቀት አውጥታችሁ መነሻና መድረሻውን ብቻ ሳይሆን የምታቋርጡትን ሁሉ በተራ ጻፉ። ከአሌክሳንድሪያ ክላርክስተን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አትላንታ ብትሄዱ መንገዱ ቨርጂኒያ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ጆርጂያ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ፈቃዳችሁን ትቀበላለች፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ፈቃድ አይጠይቁም። ከቤት እስከ ቤት ታጥቆ መሄድ ይቻላል። ፈቃድ የሌለው ሰው ግን ኖርዝ ካሮላይና ላይ ይሰበራል፤ መሐል ያለች አንዲት ስቴት መንገዱን በሙሉ ታበላሻለች።

አሁን ወደ ሰሜን አዙሩት። ገና ፖቶማክን ስትሻገሩ ፈቃዱ ዋጋ ያጣል፣ ኒው ጀርሲና ኒው ዮርክም አያውቁትም። ኦክቶበር 2013 ላይ አንዲት የፊላዴልፊያ እናት ኒው ጀርሲ ውስጥ በተራ የትራፊክ ጉዳይ ተቆመች። ፖሊሱ ሳይጠይቃት፣ የፔንሲልቬንያ ፈቃድ እንዳላትና ሽጉጥ እንደያዘች ነገረችው። ቅንነቷ አላዳናትም፤ ታሰረች፣ ከሦስት ዓመት በላይ የግዴታ እስራት ያለው ክስ ተመሠረተባት። ነፃ የወጣችው የስቴቱ ገዥ ክሪስ ክሪስቲ በኤፕሪል 2015 ምሕረት ሲያደርግላት ነው። ዜጋ ነበረች፤ ከአገር የመባረር ፍርሃት አልነበረባትም።

6. በማይቀበል ስቴት ውስጥ ማለፍ ግድ ከሆነ

የ1986ቱ የፌዴራል ሕግ ለመንገደኛ ከለላ ይሰጣል፤ አንቀጽ 926ኤ ይባላል። ከለላው የሚሠራው ሽጉጡን በሕግ መያዝ ከምትችሉበት ቦታ ተነስታችሁ በሕግ መያዝ ወደምትችሉበት ቦታ ስትሄዱ ነው። ከቨርጂኒያ ወደ ቨርሞንት የሚያልፍ ሰው ኒው ዮርክን በዚህ ከለላ ሊያቋርጥ ይችላል። መድረሻው ብሮንክስ ያለው የእህቱ ቤት የሆነ ሰው ግን ከለላ የለውም፤ ሽጉጡን ቤቱ ቆልፎ ይሂድ።

አስተሻሸጉን በዝግታ እንየው። ከቤት ሳትወጡ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አድርጋችሁ ካርታውን፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበትን፣ አውጡ። ከዚያ የላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ ስባችሁ ያዙና ጥይት የሚገባበትን ክፍተት ተመልከቱ፤ በዓይን ብቻ አይበቃም፣ ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ ባዶ መሆኑን ዳስሱ። ካርታ አውጥቶ የጎረሰችውን አንዷን ጥይት የረሳ ሰው ሽጉጡ «ባዶ ነበር» ማለት አይችልም። ሽጉጡን ቁልፍ ባለው ጠንካራ ሳጥን፣ ጥይቱን በሌላ ሳጥን አድርጉና ሁለቱንም ትራንክ ውስጥ አስቀምጡ። ትራንክ የሌለው እንደ ሲዬና ያለ መኪና ከሆነ ሳጥኑ የተቆለፈ ሆኖ ከኋለኛው ወንበር በስተኋላ ይቀመጥ። ግላቭ ቦክስና በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሐል ያለው ኮንሶል፣ ቢቆለፉም እንኳ፣ ሕጉ በስም ጠርቶ ያወጣቸው ናቸው፤ አይቆጠሩም። ከ10 በላይ ጥይት የሚይዝ ካርታ ኒው ዮርክ ውስጥ ስለተከለከለ ቤት ተዉት። ለዲሲ ደግሞ ኪስ ወይም የጂም ቦርሳ ውስጥ የተረሳች አንዲት ጥይትም ብቻዋን ክስ ታመጣለች፤ ቦርሳውን ገልብጣችሁ አራግፉት።

ከዚያ በኋላ ሳትቆሙ ንዱ። ነዳጅ መቅዳት አንድ ነገር ነው፤ ማደር ሌላ ነው። በ2005 አንድ የዩታ ሰው ወደ ፔንሲልቬንያ ሲበር ኒው ጀርሲ ኒውአርክ ላይ ተከታዩ በረራ አመለጠው። ሻንጣውን ተቀብሎ ሆቴል አደረ፣ በማግሥቱ አየር ማረፊያ ሲመለስ ሽጉጡን እንደ ሕጉ አሳወቀ፣ ታሰረ። ክሱ በኋላ ቢቀርም ያሰሩትን ከሶ ተረታ፤ ሌሊቱን ሽጉጡ እጁ ሊደርስበት በሚችል ሻንጣ ውስጥ ስለነበር የፌዴራሉ ከለላ አይሸፍነውም ተባለ። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን፣ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ፣ ትኬት መቁረጫው ላይ ተነግሮ ነው የሚሄደው። ሻንጣው መንገድ ላይ እጃችሁ ከገባ ደግሞ በዚያ ስቴት ሕግ ሥር ናችሁ። በእጅ ቦርሳ ረስቶ ፍተሻ ላይ የተገኘበት ሰው ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ሊቀጣ ይችላል።

7. በምትታጠቁበት ስቴትም የማይገባባቸውን ቦታዎች ለዩ

ፖስታ ቤት፣ የፌዴራል ሕንፃ፣ ወታደራዊ ግቢ በየትኛውም ስቴት ክልክል ናቸው። የኢሚግሬሽን ቀጠሮ ያለው ሰው ይህን ልብ ይበል፤ አሻራ ለመስጠት ወይም ለኢንተርቪው ስትሄዱ መኪናው ውስጥም አይኑር። ጆርጂያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ታጥቆ መግባት የሚቻለው የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ከፈቀደ ብቻ ነው፣ ሳውዝ ካሮላይናም የቤተ ክርስቲያኑን ይሁንታ ትጠይቃለች፤ ስለዚህ ለንግሥ ስትሄዱ ሰበካ ጉባኤውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቨርጂኒያ መጠጥ ቤት ውስጥ ሸሽጎ መግባት ይቻላል፣ እዚያ ሆኖ መጠጣት ግን ክልክል ነው፤ አንድ ቢራም ቢሆን።

ኡበርና ሊፍት ስቴቱ ቢፈቅድም ባይፈቅድም አሽከርካሪም ተሳፋሪም እንዳይታጠቅ በመመሪያቸው ይከለክላሉ፤ መዘዙ እስር ባይሆን እንጀራ ማጣት ነው። የትራክ ኩባንያዎችም ብዙዎቹ ይከለክላሉ፤ ውሉን አንብቡ። ትራክ ነጂዎች ለካናዳ ጭነት ከተመደባችሁ ሽጉጡ ቤት ይቅር።

8. ፖሊስ ሲያስቆማችሁ

ኖርዝ ካሮላይናና ሚሺገን ታጥቃችሁ ከሆነ ፖሊሱ ሳይጠይቅ እንድትነግሩት ያስገድዳሉ። አንዳንዶቹ ሲጠየቅ ብቻ ይላሉ። ቨርጂኒያ ፈቃዱንና መታወቂያውን ሲጠየቁ ማሳየትን ግዴታ ታደርጋለች። የየስቴቱን በመንገድ ወረቀታችሁ ላይ ከስሙ አጠገብ ጻፉት።

የኛ ሰው ሲደነግጥ በእጁ ያስረዳል። እዚያች ሰዓት ላይ እጅ ከመሪው አይነሳ። ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት አብሩ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጉ፣ ሁለቱ እጆች መሪው ላይ ይታዩ። «ሽጉጥ» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ቃላችሁ አይሁን። ፈቃድ አለኝ፣ አሁን ታጥቄያለሁ፣ ምን እንዳደርግ ይፈልጋሉ? የምትሉበትን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥታችሁ ተለማመዱት፤ በድንጋጤ ሰዓት ቋንቋ ይጠፋል። መንጃ ፈቃዱ ከሽጉጡ ጋር በአንድ ወገን ከሆነ ከመንካታችሁ በፊት ተናገሩ። መኪናዬ አይፈተሽ ብሎ በትሕትና አለመስማማት መብት ነው፤ መዋሸት ግን መብት አይደለም።

ከታሰራችሁ ስማችሁንና አድራሻችሁን ሰጥታችሁ ጠበቃ ጠይቁና ዝም በሉ። ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚሠራው ከዚያ በኋላ፣ በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ነው። «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ አትታሰርም፣ ዛሬ ቤትህ ትገባለህ» ይባላል። እውነት ነው፣ ቤቱ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ለዜግነት ሲያመለክት ወይም ከአዲስ አበባ ሲመለስ ዋሽንግተን ደለስ (Dulles) አየር ማረፊያ ላይ ያ ፊርማ ይነሳበታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የወንጀል ጠበቃ ለደንበኛው የመባረርን አደጋ የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል፤ ስለዚህ «ይህ ፊርማ ግሪን ካርዴን ይነካል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ በጽሑፍ እንዲመልስላችሁም ለምኑት። መልሱን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ። የሁለቱን ጠበቆች ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ከፈቃዱ ጀርባ አድርጉት፤ ስትታሰሩ የእጅ ስልካችሁ ይወሰዳል፣ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አሁን ጥቂት ነው።